በሜዳው ሐይቅ ዳር፤ ስለ ድንኳን፣ ስለ ነፋስና ስለ ውኃ



ባለፈው ሐምሌ በቁጥር አሥራ ዘጠኝ የምንሆን የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ በላስት ማውንቴን ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ሰንብተን ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዞውን ደስታ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ከመሄዳችን በፊት ማወቅ ሲገባን ያላወቅነውን፣ ከተመለስንም በኋላ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ለማካፈል ነው። ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን ምክንያት አለ፤ በሁለተኛው ቀን ሁለት ልጆቻችንን ልናጣ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጥቂት እንበል። የሚገኘው ከሬጃይና ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሲሆን፣ ርዝመቱ 93 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ ግን ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በካርታ ላይ ሲታይ ሜዳውን በቢላዋ የሰነጠቁት ይመስላል። ይህም የሆነበት ምክንያት በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ምድሩን ሸፍኖ የነበረው ግግር በረዶ ሲቀልጥ፣ ጎርፉ በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ የተኛ ውኃ ስለሆነ ነው። ዙሪያው የስንዴና የካኖላ እርሻ ነው። የስሙ ትርጉም «የመጨረሻው ተራራ» ቢሆንም፣ ተራራውን ፍለጋ አንገታችንን ብናሰግግ ያየነው በምሥራቅ በኩል ያለ ጉብታ ብቻ ነው፤ እንጦጦን እያየ ያደገ ሰው ተራራ ብሎ ለመጥራት ይቸገራል።

የሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ለወፎች ተከልሏል። በሰሜን አሜሪካ በፌዴራል መንግሥት የተከለለ የመጀመሪያው የወፎች መጠጊያ ይኸው ነው። በመኸር ወራት ሳንድሂል ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች በብዙ ሺህ እየሆኑ ያርፉበታል። አንዳንድ ጊዜም ነጩ ሁፒንግ ክሬን ከመካከላቸው ይታያል፤ ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1941 በዱር የቀረው ቁጥሩ ሃያ ገደማ ብቻ ነበር። እኛ ግን የሄድነው በሐምሌ ስለሆነ ከዳክዬና ከፔሊካን በቀር አላየንም። ሐምሌን የመረጥነው ውኃው የሚሞቅበት ወር በመሆኑና የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ተፈቶ ፍልሰታ እስኪገባ ያሉት ቀናት ለምግብ ዝግጅት ስለሚመቹ ነው። ፀሐይም በዚያ ወራት የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን የወላጆች ፈቃድ ነበር። እናቶቻችን በሁለት ነገር ፈሩ፤ አንደኛው መስጠም፣ ሁለተኛው በሽታ። በተለይ ጣና አካባቢና ዝዋይ አካባቢ ያደጉት «ሐይቅ ውስጥ የገባ ልጅ ቢልሃርዚያ ይዞ ይመጣል» ብለው ድርቅ አሉ። እኛም ሳቅን። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ማታ የሦስታችን እግር በቀይ ሽፍታ ተሸፍኖ ሌሊቱን ስናክክ አደርን! በኋላ እንደተረዳነው የእናቶቻችን ፍርሃት ከእውነቱ ብዙ አልራቀም ነበር። የዚህ አገር ሐይቆች የቢልሃርዚያ ዘመድ የሆነ ትል አላቸው። እንደ ቢልሃርዚያ ሁሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ የሚፈልገው ግን የዳክዬን የመሰለ የውኃ ወፍ ደም ነው። ተሳስቶ ወደ ሰው ቆዳ ሲገባ ከዚያ አልፎ መሄድ አይችልምና እዚያው ይሞታል፤ የሚያሳክከውም ይኸው ነው። ስለዚህ የአገር ቤቱ ትል ወደ ደም ሥር ዘልቆ አንጀትንና ጉበትን ሲጎዳ፣ የዚህኛው ጉዳት በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ከውኃ እንደወጡ ወዲያው ሰውነትን በፎጣ አሽቶ ማድረቅ፣ ወፎች በሚበዙበትና ሣር በበቀለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ አለመቆየት ይረዳል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው አረንጓዴው አልጌ ነው። ሙቀት ሲበረታና ነፋስ ሲጠፋ በውኃው ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ይንሳፈፋል። መርዝ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ውኃውን ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውኃ ለመዋኘትም ለሽሮም አይሆንም።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። ድንኳናችን የነበረው በሮዋንስ ራቪን ፓርክ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ከኋላችን ወደ ሐይቁ ይነፍስ ነበር። በዳርቻው ያለው ውኃ ጸጥ ብሎ መስተዋት መስሏል፤ ዳገቱ ነፋሱን ይከልለዋልና። ሁለት ልጆች፣ አንዱ የአሥራ ስድስት ዓመት፣ አንዷ የአሥራ አምስት፣ ለመኝታ ባመጣነው በአየር የተነፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው እየቀዘፉ ገቡ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት አልለበሱም። ሁላችንም አየናቸው፤ ማንም አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም ፎቶግራፍ አነሣናቸው።

ከዳገቱ ከለላ እንደወጡ ነፋሱ ፍራሹን ያዘው። በእጃቸው እየቀዘፉ ሊመለሱ ቢሞክሩ ይብሱን ራቁ። ድምፃቸው መሰማት ሲያቆም ነው የነቃነው። ከእኛ ውስጥ ዋና እችላለሁ የሚል አንድ ወንድም ልብሱን ሲያወልቅ፣ መኪና ይዘው አብረውን የመጡ አባት ክንዱን ያዙና «ልጄ፣ ሁለት ናቸው፤ ሦስት አታድርጋቸው!» አሉት። ያን ጊዜ ጭካኔ መስሎን ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የብዙዎች አሟሟት ይህ ነው፤ ነፋስ የሚነዳውን ፍራሽ ዋናተኛ አይደርስበትም፣ ደክሞም መሐል ላይ ይቀራል። አንዲት እኅታችን ወደ 911 ደወለች፤ ሁለታችን ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሮጥን፤ የቀሩት ዓይናቸውን ከልጆቹ ሳይነቅሉ በእጃቸው እያመለከቱ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በሞተር ጀልባቸው ወጥተው ከሐይቁ መሐል አመጡልን። ልጆቹ የዳኑት ፍራሹን ባለመልቀቃቸው ነው። አንዴ ዘለው ለመዋኘት አስበው ነበር፤ ልጅቷ እንቢ አለች።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ሲሉ ወላጆቻችን ስንት ጊዜ ሰምተናል! እንደ ተረት ነበር የምናልፈው። በዚያን ዕለት ግን ጸጥ ያለው ዳርቻ ነበር የሳቀልን።

በዚያው ሌሊት ያ ነፋስ የጠራው ነጎድጓድ መጣ። በሜዳ አገር ነፋሱን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ካስማቸው ያልጠበቀ ሁለት ድንኳኖች ተገነጠሉ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፤ ጣሪያው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ግን ያድናል። ስለዚህ አሥራ ዘጠኛችን በሦስት መኪና ተጨናንቀን፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ እስኪያልፍ ተቀመጥን። ያ ዓሣ አጥማጅ እንዲቀምሱ የሰጠናቸው ዳቦ ቆሎ በቀረችበት ከረጢት ነው ያደርነው።

ለወላጆች እንንገር ወይስ አንንገር በሚለው ላይ በመመለሻው መንገድ ሙሉ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ከተነገረ ሁለተኛ አይፈቅዱልንም» አልን። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ለእናቷ ተናገረች፤ እናቷም አለቀሱ፣ ተቆጡም። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ግን «ዋና የሚያስተምሩት የት ነው?» ብለው ነው።

ከመስከረም ጀምሮ አሥራ አንዳችን ቅዳሜ ጠዋት በከተማው መዋኛ ዋና እየተማርን እንገኛለን። ከተማሪዎቹ መካከል ሁለት እናቶች አሉ። ለመጪው ሐምሌ ስማችሁን ስታስመዘግቡ የጃኬት ልካችሁን አብራችሁ ጻፉ፤ የሚነፋ ፍራሽ ከድንኳን አይወጣም።