ምግብና በሽታ በካርቲየ 4

የጂቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች ከ1 እስከ 7 በቁጥር ይጠራሉ። ካርቲየ 4 ከእነዚሁ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ወደዚህች የወደብ ከተማ ለሥራ የወረደው ሰው ቁጥር ብዙ ነው። ሰው ሲሰደድ የአመጋገብ ልማዱንም ይዞ ይሄዳል። ሆኖም በሰኔና በሐምሌ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበትና ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋ እያዘለ በሚነፍስበት አገር፣ ደጋ ላይ የሚስማማው አመጋገብ ሁሉ እንዳለ አይስማማም።

እንደሚታወቀው ምግብ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ነው። በከተማዋ በቀላሉ የሚገኙት ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳርና ዘይት አብዛኛውን ጊዜ በመርከብ የሚመጡ ሲሆኑ፣ ከስማቸው እንደምንረዳው ሆድ የሚሞሉና ኃይል የሚሰጡ ናቸው። አትክልትና ፍራፍሬ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ረጅም መንገድ ተጉዞ ስለሚገባ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ እንደልቡ አይገዛውም። የሚያስገርመው ነገር ባሕሩ ከደጃፍ ሆኖ ሳለ ዓሣ የሚበላው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ዓሣ ሰውነት ገንቢ ከመሆኑም በላይ፣ የባሕር ዓሣ እንቅርትን የሚከላከለውን አዮዲን ይዟል።

ጠግቦ የሚያድር ሰው ሊታመም የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የደም ማነስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ደም ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ መላ አካል የሚያደርሰው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን አማካይነት ሲሆን፣ ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ብረት ሲያንስ ሰውየው ይደክማል፣ ጥቂት ሲራመድ ልቡ ይመታል፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ይገረጣል። ሕፃናት ትምህርት ለመቀበል ይሳናቸዋል። ነፍሰ ጡር ሴት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስሳት አደጋው ይከፋባታል፤ ስለዚህም በእርግዝና ወራት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ከጤና ጣቢያ እንድትወስድ ይመከራል። ብረት በሥጋ፣ በጉበት፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ ይገኛል። ጤፍም ብረት አለው፤ ነገር ግን በብዙ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ከፍተኛ መጠን በከፊል በአውድማ ላይ ከእህሉ ጋር የሚደባለቀው አፈር ያመጣው ነው። የእህልና የጥራጥሬ ብረት ወደ ደም የሚገባው ከሥጋው ብረት ይልቅ በችግር ነው። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይህን ያቃልላል፤ ከምግብ ጋር ወዲያው ሻይ መጠጣት ግን ያከብደዋል።

ደም የሚያሳንሰው የምግብ ጉድለት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከእስያ የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በጂቡቲ ተገኘች። ይህች ትንኝ በከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ መራባት ትችላለች። በዚያው ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ግን ከ70,000 በላይ ሆኑ። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ፣ በርሜሉን ያልከደነ ቤት ጉበትና ምስር ቢመገብም ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጫትም መናገር ያስፈልጋል። ጫት በኢትዮጵያ ተለቅሞ በዕለቱ ጂቡቲ ይገባል፤ ምክንያቱም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉን ያጣል። ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። በወደብ ሲሸከም የዋለ ሠራተኛ ከቀትር በኋላ መብረዝ ገብቶ ሲቅም ራቡን ይረሳል እንጂ ራቡ አልቀረለትም። ለእራት መግዣ የነበረው ገንዘብ ግን ወጥቷል፤ በቤት የሚጠብቁት ልጆች ደግሞ ጫት አልቃሙምና ራቡ ይሰማቸዋል።

ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ሌላ መዘዝ አለው። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራውን በሚገባ ሳይሠራ ሲቀር፣ ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል። ውሎ አድሮ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቮች ይጎዳል። የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ መጠጥን መተው፣ ነጭ ዳቦና ሩዝን መቀነስ፣ ጥራጥሬና አትክልትን ማብዛት ይገባዋል። በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ግን በምግብ መተካት አይችልም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ጨው ይቀንስ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ራሱ ጨዋማ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሙቀት ወራት ሕፃናትን ፈጥኖ የሚገድለው ግን ተቅማጥ ነው። ሕፃኑ የሚሞተው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ተሟጦ በመውጣቱ ነው። በመሆኑም «ሲጠጣ ይብስበታል» ብሎ ውኃ መከልከል፣ ብዙ እናቶች በቅን ልቦና የሚያደርጉት ቢሆንም፣ ሕፃኑን ለሞት ያቀርባል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ካልተገኘ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ በቀስ ማጠጣት ይቻላል። ጨው ከዚህ ከበለጠ ይጎዳል። ጡት የሚጠባው ይጥባ፤ ምግብ የጀመረውም ይብላ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም በሰገራው ደም ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ በመንገድም ላይ ብጥብጡን ማጠጣት አይቋረጥም።