ከማሳ ወደ ምክር ቤት፦ የማረቆ ገበሬ የአስተዳደር መንገድ

በበርበሬ ምርቱ በሚታወቀው በማረቆ፣ ማዕከሉም በሆነችው በቆሼ ዙሪያ፣ ገበሬው ወደ አስተዳደር የገባው በመሬት ጉዳይ ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍልና ክርክር ይዳኝ ስለነበር፣ ለሊቀ መንበርነት የተመረጠ አራሽ በጎረቤቶቹ ይዞታ ላይ የመወሰን ሥልጣን አገኘ።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ መንገዱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም በዞን በኩል ወደ ክልል ምክር ቤት ተዘረጋ። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 በመድረሱ የመጀመሪያው ደረጃ ሰፋ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ማረቆ ከጉራጌ ዞን ወጥቶ ልዩ ወረዳ በመሆኑ፣ ለቆሼ አካባቢ ገበሬ የዞኑ ደረጃ ቀረ።

መንገዱ ቢያጥርም ሁለት እንቅፋቶች አልተነሡም። የቀበሌ ምክር ቤት አባልነት ደመወዝ የለውም፤ ለስብሰባ የሚውል ቀን ከማሳ ሥራ የሚቀነስ ነው። ደመወዝ ያለው የጽሕፈት ቤት ሹመት ደግሞ የተማረ ሰው ይፈልጋል።

ጉዳቱ የሚታየው ከተማ ሲሰፋ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬት የማስለቀቅን ሥልጣን ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ሰጠ። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የካሳ ስሌቱን አሻሻለ። የገጠር ቀበሌ ነዋሪ ግን መሬቱን የሚጠይቀውን ከተማ ምክር ቤት አይመርጥም። ስለዚህ የገበሬ ተወካይነት ክብደት የሚመዘነው ተመራጩ በደረሰበት ደረጃ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ማሳው በሚወሰንበት ጉባኤ ድምፅ በማግኘቱ ጭምር ነው።