በብድር የሚከበር ልደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ በጾመ ነቢያት ላይ እንገኛለን። አባቶቻችን ስለዚህ ጾም ሲያስተምሩን፣ ዐርባው ቀን ነቢያት የጌታን መምጣት ተስፋ አድርገው የጾሙትን የምናስብበት፣ ሦስቱ ቀን በግብፅ በአባ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን የሙቀጠም ተራራ ስለ ፈለሰበት ተአምር የተጨመረ፣ አንዱ ቀን ደግሞ የበዓሉ ገሃድ እንደ ሆነ ይነግሩናል። ከልደት በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታትም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥን የሠራችልን የመጠበቂያ ወር አድርጋ ነው። ገበያው ግን መጠበቅ አያውቅም።

ወሩ ሳይጋመስ በየሱቁ በር የፕላስቲክ ጥድ ይቆማል፤ ታኅሣሥ የደረቅ ፀሐይ ወር በሆነበት አገር ለበረዶ ምሳሌ ጥጥ ይለጠፍበታል። የኬክ ቤቱ መስታወት በክሬም ይሞላል። ባንኩም፣ ስልኩም፣ ሱቁም «መልካም ገና» ይለናል፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው የልደትን ዜና ሳይሆን የዕጣ ቁጥር ነው። ምዕራባውያን የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ነው፤ የእኛው ደግሞ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28)። ነጋዴው ሁለቱን አገናኝቶ አንድ ረጅም የገበያ ወቅት አደረጋቸው፤ ጾማችንም ከመካከሉ ወደቀ። ጥዱን እንኳ አልጣላውም፤ ዛፍ ምን በደለ?

የገና አባት የሚባለውም ቢሆን ሥሩ ከቤተ ክርስቲያን ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የሚራ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ ስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ቀን የሚያስበው አባት ነው። ሀብቱ ጠፍቶበት ሦስት ሴቶች ልጆቹን ለኀፍረት ሥራ ሊሰጥ ወደነበረ ሰው ቤት፣ በሌሊት ማንም ሳያየው ወርቅ እንደ ወረወረ ይተረካል። ከብዙ ዘመን በኋላ ታሪኩ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሌላ መልክ ያዘ፤ ሃዶን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ የሣለው ወፍራም፣ ቀይ ለባሽ፣ ሳቂታ ሽማግሌ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ጳጳሱ በጨለማ ሰጥቶ ሄደ። ይኸኛው በመብራት መካከል ቆሞ ይሸጣል።

ነገር ግን ጣታችንን በነጋዴው ላይ ብቻ ብንቀስር ራሳችንን እናታልላለን። ባለፈው ዓመት በእኛው ክፍል ለልደት ዝማሬ ቲሸርት ይታተም ተብሎ ገንዘብ መዋጣቱን ታስታውሳላችሁ። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። በዕለቱ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ አሟቸው ይሆናል ብለን ዝም አልን። የቲሸርቱን ብር ስላላገኙ መቅረታቸውን የሰማሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ ሁለት ባማረ ልብስ የመጣውን ሰው አክብረው ድሃውን ወዲያ ቁም የሚሉትን ይወቅሳል። እኛ «ወዲያ ቁም» አላልንም፤ ዋጋውን ብቻ ነው የነገርናቸው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የቤታችን በግ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። አምና ለበዓል ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ አገኘሁ። በወለድ ተበድራ እንደ ገዛችው ታናሽ እኅቴ ሹክ አለችኝ። እኔም የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝና መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ስብከት ጀመርኩ፤ የጌታን ልደት በዕዳ ማክበር ተገቢ እንዳልሆነ፣ ክርስቶስ በግርግም እንደ ተወለደ፣ ብዙ ብዙ ተናገርኩ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ልጄ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ቢላዋ ሲሳል የእኛ ቤት ዝም ካለ ምን ይባላል? ደግሞስ ለማን ብዬ ነው? ከትምህርት ከስተህ ስትመጣ ሽሮ ላቅርብልህ?» አለችኝ። ወደ ታች ብመለከት በእግሬ ያለው በኅዳር «ለበዓል ግዢልኝ» ብዬ ያስላክሁት ጫማ ነበር። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ ስምንትን ደጋግሜ አነበብኩ። ጌታ ባለጸጋ ሲሆን ስለ እኛ ድሃ እንደ ሆነ የሚናገረው ቁጥር 9 በየልደቱ ይነገራል፤ ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈው ስለ በዓል ሲያስተምር አልነበረም። በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ምእመናን ርዳታ ሲያሰባስብ የቆሮንቶስን ሰዎች ለማትጋት ነው የጻፈው። ወረድ ብሎ በቁጥር 12 ስጦታ የሚወደደው ሰጪው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ይናገራል። ሐዋርያው ገንዘብ እየለመነ ሳለ እንኳ ማንም ተበድሮ እንዲያመጣ አልጠየቀም። የበዓል ማስታወቂያ ግን የሚናገረው ከሌለን ነገር ጋር ነው።

የእመቤታችንንም ነገር ተመልከቱ። ጌታ ከተወለደ በኋላ በዐርባኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ በወጡ ጊዜ ስለ ቀረበው መሥዋዕት ሉቃስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 24 ሲጽፍ የሚያነሣው ዋኖስና ርግብን ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ኦሪት ዘሌዋውያን 12፥8 መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕጉ የወለደችው ሴት የአንድ ዓመት ጠቦት እንድታቀርብ ካዘዘ በኋላ፣ ጠቦት ለመግዛት ገንዘቧ ካልደረሰ በሁለት ወፎች እንድትተካው ይፈቅድላታል። የእግዚአብሔርን በግ በክንዷ የታቀፈች እናት በግ መግዛት አልቻለችም። ተበድራም አልገዛችም።

ይህን ስል አንዳንድ ወንድሞቻችን እንደሚሉት በዓሉ ይቅር፣ ሥጋው ይቅር ማለቴ አይደለም። ነህምያ 8፥10 በተቀደሰው ቀን የሰባውን እንዲበሉ፣ ጣፋጩን እንዲጠጡ ሕዝቡን ያዝዛል፤ አያይዞም ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን እንዲልኩ ይነግራቸዋል። አያቶቻችን የገና ዕለት ሜዳ ወጥተው ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ ሩር ሲመቱ ለጨዋታው የሚያስፈልጋቸው ከዱር የተቆረጠ ቆልማማ ዱላ ነበር። ደስታቸው ከእኛ ያነሰ አይመስለኝም።

ለክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ዘንድሮ ሁላችንም በነጠላ እንድንዘምር ነው፤ የሌለው ቢኖር ከቤት ትርፍ ያለው በዝምታ ያምጣ፤ ማን እንደ ሰጠና ማን እንደ ወሰደ አይጻፍ። አምና የቀሩትን ሁለቱን ልጆችም ይህ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፤ አንደኛው እመጣለሁ ብሎኛል፤ ሁለተኛው ገና አልመለሰልኝም።

ከእናቴ ጋር ባለፈው እሑድ በስልክ ተነጋገርን። በዚህ ዓመት ስብከቱን ትቼ የሉቃስንና የሌዋውያንን ታሪክ ብቻ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «እመቤታችን በግ አልነበራትም?» አለች። አልነበራትም አልኳት። ከዚያ በኋላ ተስማማን፤ በግ አይገዛም፤ ብድርም አይኖርም፤ አንዲት ዶሮ ትበቃናለች፤ ከጓሯችን ብቻቸውን የሚኖሩትን እማማንም እንጠራለን። እናቴ አንድ ነገር ብቻ አስገደደችኝ፤ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አድርጌ የምበልተው እኔ ነኝ። እስከ ገና መማር አለብኝ።