ትምህርት 12፦ «ምንም እንኳ … ቢ…ም»፤ የጨረቃ በዓል በባዕድ አገር

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ቻይናውያን በዘመን አቆጣጠራቸው በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን ሙሉ ጨረቃ በምትታይበት ሌሊት የመጸውን አጋማሽ በዓል ያከብራሉ። በዓሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ በመስከረም ውስጥ ይውላል። የጨረቃዋ ክብነት የቤተ ሰብ መሰባሰብ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ስኳር ገብቶበት በተፈጨ የሎተስ ዘር ወይም ቀይ አደንጓሬ የተሞላ ክብ ኬክ ተቆርጦ ለቤተ ሰቡ ይታደላል። ከቤቱ የራቀ ሰው ናፍቆቱ የሚበረታበትም በዚሁ ሌሊት ነው።

ባለቅኔው ሱ ሺ እ.ኤ.አ. በ1076 በዓሉን ያከበረው በሹመት ሥራ በሚዡ ሳለ ነበር። ወንድሙን ሱ ዤን ካየ ዓመታት አልፈው ነበርና እርሱን እያሰበ የጻፈው ግጥም እስከ ዛሬ ይነበባል።

በዘመናችን ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድ የጓንግዶንግ ተወላጅ እናስብ። እናቱ በአገሯ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደጅ ስትወጣ እርሱ ባለበት ከተማ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ምንም እንኳ በመካከላቸው የ15 ሰዓት ልዩነት ቢኖርም፣ አንዲቱን ጨረቃ በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ ለእርሷ በምሥራቅ ስትወጣ ለእርሱ በምዕራብ ታዘቀዝቃለች። ምንም እንኳ ኬኩን ከሱቅ ቢገዛም፣ የሚካፈለው ሰው ካላገኘ በዓሉ አይሞላለትም። ስለዚህ ሲመሽ ጎረቤቶቹን ይጠራል።

ለ. ማብራሪያ

«ምንም እንኳ … ቢኖርም» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሐሳብ አይጨርስም። ሐሳቡ የሚያርፈው «ያያሉ» በሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ላይ ነው። የሚከተሉትን አስተያዩ፦

1. ምንም እንኳ ጨረቃዋን ቢያይም፣ ከቤቱ ርቋል።
2. ምንም እንኳ ከቤቱ ቢርቅም፣ ጨረቃዋን ያያል።

ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው በኀዘን፣ ሁለተኛው በመጽናናት ያርፋል። እንግዲህ የትኛው ሐሳብ በመጨረሻ እንደሚቀመጥ ጸሐፊው አስቀድሞ ሊወስን ይገባዋል። ደግሞም ተቃርኖው በ«ቢ…ም» ስለ ተገለጸ «ነገር ግን» መጨመር አያስፈልግም።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ በ«ምንም እንኳ» የተጀመሩትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጽፋችሁ በማሰሪያ አንቀጾቻቸው ሥር አስምሩ።
2. አርማችሁ ጻፉ፦ «ምንም እንኳ ደብዳቤው ቢዘገይም ነገር ግን ደስታዋ አልቀነሰም።»
3. ከቤተ ሰቡ ርቆ በዓል ስለሚያከብር ሰው በ10 መስመር ድርሰት ጻፉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በ«ምንም እንኳ» ይጀምር፤ በኀዘን ወይስ በመጽናናት እንደሚያርፍ አስባችሁ ወስኑ።