አጥሩን ከማስረዘምሽ በፊት
ለአዲሷ ምክትል ርእሰ መምህርት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ሆነሽ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ልጆቹን ከጥቃት ለመጠበቅ ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው አጥር ማስረዘምና ጥበቃ መጨመር ነው። እኔ በዩኒት ሊደርነት በቆየሁበት ዘመን የተረዳሁት ግን፣ ጥቃቱ ግቢ ከመግባቱ በፊት ወሬው እንደሚገባ ነው። ወሬውን ቀድሞ የሚሰማ ትምህርት ቤት ልጆቹን ያተርፋል። የምነግርሽ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

1. ወሬ የሚደርስሽ ሰው ሁኚ። በእኛ ሰፈር ጠቡ በሴንጢ፣ በፌሮና በድንጋይ ነው፤ አሜሪካ በጠብመንጃ ነው። ከጠቡ በፊት ያለው ግን ይመሳሰላል። የአሜሪካው ሴክሬት ሰርቪስ ከአገሩ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2000 በትምህርት ቤቶች የደረሱ 37 ጥቃቶችን መርምሮ ነበር። ከአሥሩ በስምንቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው፣ በአብዛኛው ጓደኛ ወይም የክፍል ልጅ፣ ነገሩን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እዚህም «ስንለቀቅ እንገናኝ» የሚለው ዛቻ በቴሌግራም ግሩፕ ከማለዳ ጀምሮ ሲዞር ይውላል።

ተማሪው የማይናገረው «ጠቋሚ» መባል ከዱላው ስለሚብስበት ነው። ስለዚህ የነገረሽን ልጅ በሰልፍ ላይ እንዳታመሰግኚው። በእረፍት ሰዓት ሰው እያየው ቢሮሽ እንዳታስጠሪው። ደብተር አስይዘሽው ወይም ለጠመኔ ልከሽው፣ ለሌላ ጉዳይ የጠራሽው አስመስለሽ አነጋግሪው። ደግሞ የጽዳት ሠራተኞቹን፣ የሻይ ክበቧን እናትና ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ባለ ሱቅ ተወዳጂያቸው። መምህር ፊት የማይወራው እነሱ ፊት ይወራል።

2. ጥበቃውን አክብሪ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከጎኑ ቁሚ። ሙቀት እያለ ከዩኒፎርሙ ላይ ወፍራም ጃኬት የደረበውን፣ ቦርሳውን በሆዱ በኩል አቅፎ የሚገባውን፣ የሰው ዩኒፎርም ተውሶ የመጣውን እሱ ለይቶ ያውቃል። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን አዩ?» ብለሽ ጠይቂ። የማይጠየቅ ዘበኛ ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመምህራን ስብሰባ ላይም ወንበር ስጪው። የኋላውን በር ቁልፍ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ አንዱ በቀረ ቀን በሩ ወጥመድ እንዳይሆን።

3. መሣሪያ ደኅንነት አይምሰልሽ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። ነገሩ ወደ ግጭት ተለወጠ፤ ግጭቱም ከግቢው አልፎ ወደ ከተማው ወጣ፤ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ፖሊስ አያስፈልግም እያልኩሽ አይደለም። የወረዳውን የፖሊስ ኃላፊ በሰላሙ ጊዜ ሄደሽ ተዋወቂው። ማን እንደሚደውል፣ ፖሊሶቹ የት እንደሚቆሙ፣ በማን ፈቃድ እንደሚገቡ ተነጋግራችሁ ተስማሙ። የፖሊሱን 991ን፣ የእሳትና አደጋውን 939ን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንሱን 907ን በየመምህራን ክፍሉ በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊ።

4. የአዋቂን ጠብ ለልጅ አታሸክሚ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀልና መዝሙሩ መዘመር ባስነሣው ውዝግብ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ተጎዱ፣ ታሰሩ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለፖለቲከኞቹ ተዪው። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚያዝ መመሪያ ሲደርስሽ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰልፍ ላይ እንዲሰማው አታድርጊ። ቀድመሽ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱን ሰብስቢ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚማሩትን ልጆች ተወካዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። የኳስ ቡድኑና ሚኒ ሚዲያው በቋንቋ እንዳይከፈሉ ተጠንቀቂ። አብረው የተጫወቱ ልጆች ድንጋይ ለመወራወር ይተፋፈራሉ።

5. መንገዱንም ጠብቂ። በ2007 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ታፍና ተወስዳ፣ በደረሰባት ጥቃት ሕይወቷ አልፏል። ግቢው ውስጥ ምንም አልሆነችም ነበር። ከእንጦጦ ሥር ካሉት መንደሮች የሚመጡ ልጆች ባሕር ዛፉን አቋርጠው ነው የሚወርዱትና የሚወጡት፤ በከሰዓቱ ፈረቃ ሲለቀቁ ጫካው ውስጥ ይጨልማል። በየመንደራቸው መድበሻቸው፣ ታላላቆቹን ከታናናሾቹ ጋር አጣምረሽ ላኪያቸው። ቤቷ ራቅ ያለውን ልጅ ለቅጣት ብለሽ ከመውጫ ሰዓት በላይ አታቆዪያት። ለታክሲ ተራ አስከባሪዎቹም አደራ በይ።

6. ልምምድ ስታደርጊ አሳውቂ። ጎረቤት ኬንያ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2015 አልሸባብ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ በፈጸመው ጥቃት ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ናይሮቢ የሚገኘው ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ የጥቃት ልምምድ ሲያካሂድ ብዙዎቹ እውነተኛ ጥቃት መሰላቸው። ከፎቅ የዘለሉ ተጎዱ፤ አንዲት ሠራተኛ ሞተች። አንቺም ዘንድ ከሰሜኑ ጦርነት ወይም አሁን በአማራና በኦሮሚያ ካለው ውጊያ ሸሽተው የመጡ፣ የተኩስ ድምፅ በጆሯቸው የሰሙ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የትኛው ክፍል በየት በር እንደሚወጣ፣ ማን ስም እንደሚጠራ ማወቃቸው ይበቃል፤ ማስደንገጥ አያስፈልግም።

7. አጥፊውን አባርረሽ ጨረስኩ አትበይ። የተባረረ ልጅ በአጥር በኩል ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚያጣው ነገር የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ወላጆቹንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጥሪ፤ የጠቡን መነሻ አስወጪ። ልጁ ቢታገድ እንኳ በየሳምንቱ የሚያየው አንድ መምህር ይኑር። በሴት ልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቤተሰብ ከቤተሰብ ታርቀናል ቢሉሽም ለፖሊስ አመልክቺ፤ ልጅቷንም ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰጂ። ጋንዲ ሆስፒታል ለዚህ ጉዳይ ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከዘረዘርኩልሽ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው እምብዛም ነው፤ አብዛኛው የሚጠይቀው ያንቺን ጊዜና ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ክፍለ ከተማው በጀት እስኪለቅ አትጠብቂ። ሰኞ ጠዋት ጀምሪው።