ስለ ቅርብ አይ ልጆች የዓይን ጠብታና በማየት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ የ10 ዓመት ሴት ልጃቸውን እጇን ይዘው ወደ መመርመሪያ ክፍሌ ገቡ። ልጅቱ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ነጠላውን ገለጥ ባደረገችው ጊዜ የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን እጅግ ሰፍቶ፣ በዙሪያው ያለው ቡናማ ቀለም እንደ ቀጭን ክር ብቻ ቀርቶ አየሁ። አባቷም «ጌታዬ፣ መጽሐፍ ስትገልጥ ፊደሉ ይጠፋባታል፤ ደጅ ስትወጣም ፀሐዩ ያስለቅሳታል። ዓይኗ ሊጠፋብኝ ነው» አሉኝ።

ነገሩን ጠይቄ ስረዳ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ሩቁን አጥርታ የማታይ፣ የመነጽሯም ቁጥር 3 የሆነ ቅርብ አይ ናት። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው በዚያ ያለ ሐኪም ለልጆች የሚያዘው ጠብታ ነው ብሎ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት ልኮላቸው፣ እናቷ ማታ ማታ አንዳንድ ጠብታ ታደርግላት ነበር። ብልቃጡ ባለቀ ጊዜ አባት የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ገልብጠው ከአንድ መድኃኒት ቤት በዚያው ስም ሌላ ገዙ። ስሙ በእርግጥ አንድ ነው። በፊተኛው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ግን 0.01 በመቶ ሲሆን፣ በኋለኛው ላይ የተጻፈው 1 በመቶ ነበር። ይኸውም መቶ እጥፍ ማለት ነው።

ልጅቱን መነጽሯን አስወልቄ መጽሐፉን ከዓይኗ አንድ ክንድ ሳይሞላ ያዥ ብላት ወዲያው አነበበች። አባቷ በጣም ተደነቁ። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ግን አስቀድሞ የዓይንን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቅርብ አይ ሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ የረዘመ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ከዓይን ኋላ ባለው ሬቲና በተባለው ሽፋን ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይገናኝና ምስሉ ይደበዝዛል። ዓይን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም የመነጽሩ ቁጥር ከ2 ተኩል እስከ 3 ያህል ይጨምራል። መነጽር ማየትን ያስተካክላል እንጂ መርዘሙን አያግድም። መርዘሙም እየበዛ ሲሄድ ሬቲና እየሳሳ እስከ መላቀቅ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሐኪሞች መርዘሙን የሚያዘገይ መድኃኒት መፈለጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዓይን ውስጥ ሁለት ትናንሽ ጡንቻዎች አሉ። አንደኛው በብሌኑ ዙሪያ ሆኖ ብርሃን ሲበዛ ብሌኑን ያጠብባል። ሁለተኛው ቅርቡን ስናይ የዓይንን ሌንስ ያወፍረዋል። ሁለቱም የሚታዘዙት ከነርቭ በሚወጣ አሴቲልኮሊን በሚባል ቅመም ነው። አትሮፒን የዚህን ቅመም ቦታ ስለሚይዝበት ጡንቻዎቹ ትእዛዝ አጥተው ይለግማሉ። ብሌኑ ሰፍቶ ይቀራል፤ ብርሃንም ያለ ከልካይ ይገባል። ሌንሱም ለቅርብ መወፈር ስለማይችል ከመጽሐፍ ላይ ያለው ፊደል ይፈዛል። ቁጥሩ 3 የሆነ ቅርብ አይ ግን መነጽሩን ካወለቀ ዓይኑ በተፈጥሮው በ33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ያለ ጡንቻ እርዳታ አጥርቶ ያያል። ልጅቱ መነጽሯን አውልቃ ያነበበችው ስለዚህ ነው። መምህሯ ግን ይህን ስላላወቀ መነጽርሽን ከዓይንሽ አትለዪ ብሎ አዝዟት፣ ማንበብ ሲያቅታትም ልግመኛ መስላው ወደ ኋላ ወንበር አዛውሯት ነበር። በመምህሩ አልፈርድም፤ የነገረው ሰው አልነበረም።

የዚህን ፍዘት ጠባይ እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። ባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ እርስ በርሳችን ሳይክሎፔንቶሌት የተባለውን፣ ኃይሉ አንድ ቀን ያህል ብቻ የሚቆየውን የአትሮፒን ዘመድ በዓይናችን እናደርግ ነበር። በዚያው ቀን ከቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። የእናቴን ሰላምታ ለማንበብ እስከ ማግሥቱ መቆየት ግድ ሆነብኝ፤ ከጓደኞቼ ዐማርኛ የሚያነብልኝ አልነበረምና። የ1 በመቶ አትሮፒን ኃይል ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል።

አትሮፒን ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በየቤቱ ጓሮና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር በውስጡ ይህንኑ መድኃኒት ይዟል። ለትምህርት ልብን ይከፍታል እየተባለ ከአስተናግር የሚዘጋጀውን አብሾ የጠጣ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ይቀባጥራል፤ ብሌኑም ይሰፋል። በአውሮፓም ቤላዶና የተባለ የዚሁ ወገን ተክል ነበረ። ስሙ በጣልያንኛ ቆንጆ ሴት ማለት ሲሆን፣ ሴቶች ዓይናቸው የጎላ እንዲመስል ጭማቂውን በዓይናቸው ያደርጉ ነበር ይባላል። ቆንጆዎቹ የፊታቸውን ሰው አጥርተው አያዩም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርምሩ እንመለስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በሲንጋፖር በ400 ልጆች የተደረገ ምርመራ ታትሞ ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት የቆዩት ልጆች ቁጥር በ1.20 ሲጨምር፣ 1 በመቶ አትሮፒን የተደረገበት ዓይን በ0.28 ብቻ ጨመረ። ነገር ግን ብርሃን መፍራትና የቅርብ ፍዘት ልጆቹን አስቸገረ፤ ጠብታው በቆመ ጊዜም የዓይኑ መርዘም በፍጥነት ተመለሰ። በ2012 ዓ.ም. እነዚያው የሲንጋፖር ሐኪሞች 0.01 በመቶ የሚሆነው ቀጭን ጠብታ እምብዛም እንደማያስቸግር ገለጹ። በ2019 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች ከቀጫጭኖቹ መካከል የ0.05 በመቶው እንደሚሻል አሳዩ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የተደረገ ምርመራ 0.01 በመቶው ከባዶ ጠብታ ያልተለየ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ሊቃውንቱ ራሳቸው በመጠኑ ገና ያልተስማሙበትን መድኃኒት ወላጅ በገዛ እጁ መመጠን አይችልም።

የከተማችን ሁኔታም ይታሰብ። ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ያለው የፀሐይ ብርሃን ለጤናማ ዓይንም ብርቱ ነው፤ ብሌኑ ለሰፋ ልጅ ደግሞ መከራ ነው። ሐኪም ይህን ጠብታ ያዘዘለት ልጅ ሰፊ ባርኔጣ ያድርግ፤ ቢቻል ጥቁር መነጽር ይጨመርለት። በክፍል ውስጥ ከመስኮት ፊት ለፊት አይቀመጥ። ንባብ የቸገረው እንደሆነ መምህሩ ወላጁን ይጠይቅ፤ መነጽር ማውለቅ ወይም ለንባብ የሚሆን ሌላ መነጽር መጨመር እንዲያስፈልግ ሐኪሙ ይወስናል። ጠብታው በሐኪም ትእዛዝ ሲጀመር መቆሙም በሐኪም ትእዛዝ ይሁን።

ሲጨመርም አንድ ጠብታ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዓይኑን አስጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለ2 ደቂቃ ያህል መጫን፣ መድኃኒቱ ወደ አፍንጫና ወደ ደም እንዳይወርድ ያግዳል። ለአንዱ ልጅ የታዘዘ ለወንድሙ አይሰጥ። ለትራኮማ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ስለ ሆነ፣ «የዓይን መድኃኒት» በሚል አንድ ስም ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ለቅርብ አይ ልጅ ወጪ የሌለው ሌላ ነገርም አለ። በቻይና በጓንጆ ከተማ ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲውሉ ቢደረግ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከነዚህ ውስጥ ቅርብ አይ የሆኑት 30 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ እንደ ቀድሞው ከቆዩት ግን 40 በመቶ ያህሉ ሆኑ። የዕረፍትን ሰዓት በቅጣት የሚወስድ መምህር ይህን ያስብበት።

የሚያስፈራው ነገር መጠጣት ነው። 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የ1 በመቶ ብልቃጥ በውስጡ 50 ሚሊ ግራም አትሮፒን አለበት፤ ከዚያ እጅግ ያነሰው ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ብልቃጡ ልጅ በማይደርስበት ቁም ሣጥን ይቆለፍበት። ጠብታ የሚደረግለት ልጅ ወይም ብልቃጡን ያገኘ ታናሹ ፊቱ ቀልቶ፣ ገላው ያለ ላብ ተኩሶ፣ አፉ ደርቆ፣ ልቡ በፍጥነት እየመታ ቢቀባጥር፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ብልቃጡም ባዶ ቢሆን አብሮ ይምጣ፤ ሐኪሙ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ያነበዋልና።