የራስ ቻናል በሰው መሬት

የክፍላችንን ልጆች «ስትመረቁ ምን ትሠራላችሁ?» ብትሏቸው ብዙዎቹ «ዩቲዩብ እንከፍታለን» ነው የሚሉት። እኔም አንዱ ነኝ። እንዲያውም አባቴ ለትምህርቴ የሚልክልኝን ገንዘብ ለካሜራ ላውለው ዳር ዳር ብያለሁ። እስቲ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለባለቻናሉ ያካፍላል። ለዚህ የተለመደው መንገድ 1,000 ሰብስክራይበር እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ማግኘት ነው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንዱ ተመልካች በአማካይ 4 ደቂቃ ቢቆይልን 60,000 ዕይታ ያስፈልገናል፤ በቀን 164 ያህል መሆኑ ነው። ቀላል አይደለም፤ የማይቻልም አይደለም።

ከባዱ ሌላ ነው። ይሄ መስፈርት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት 10,000 ዕይታ ይበቃ ነበር። ያላሟሉ ትናንሽ ቻናሎች ከገቢው ወጡ። ሥራቸው አልተበላሸም፣ ደንቡ ነው የተለወጠው። በአገራችንም ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ በመስመር ላይ የሚሠራ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

እንግዲህ በሰው መሬት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ተነቅሎ የሚሄድ ዕቃ ሊኖረው ይገባል። ለእኛ ዕቃችን ሙያችን ነው፦ ማጣራት፣ መጻፍ፣ ማቀናበር። ቻናሉ ቢዘጋ እነዚህ አይዘጉም። ዕይታ ፍለጋ ያልተጣራ ወሬ የለቀቀ ግን እሱንም ያጣል።

እኔ የካሜራውን ነገር ትቼዋለሁ። በስልኬ እጀምራለሁ፤ የሌሎችን ቪዲዮ እያቀናበርኩ የኢንተርኔቱን ወጪ እሸፍናለሁ። እናንተስ ምን አሰባችሁ?